ካሜራ አራት ከወንበሬ ጀርባ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ፊቴን ሸፍኜ ነው የምጽፍላችሁ!

ፊቴን መሸፈኔም ምንም አይጠቅምም። ዛሬ ሕዝብ ያየው ፊቴን አይደለም።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሳትስቁ አንብቡ። እሺ፣ ሳቁ፤ ግን እስኪያልቅ ጠብቁኝ።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ውስጥ ራውተር እገጥማለሁ። የቤታችሁን የዋይፋይ ራውተር አይደለም! (እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም፤ የጎረቤት ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር እኔን ትልካለች።) የኔው ራውተር ካሜራዎች ሁሉ በአንድ ወገን የሚገቡበት፣ ስክሪኖች ሁሉ በሌላ ወገን የሚወጡበት ሳጥን ነው። የትኛው ካሜራ ወደ የትኛው ስክሪን ይሂድ የሚለው የሚታዘዘው በኮንትሮል ፓነል ነው። ድሮ ቁልፍ የተደረደረበት ብረት ነበር፤ አሁን ሶፍትዌር ሆኗል። ላፕቶፕና ታብሌት ላይ ይጫናል፣ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል፣ ለየካሜራው አንድ ቁልፍ ይሰጠዋል። አለቀ።

አለቀ ብዬ ነበር እኔም!

ከአገር ቤት የመጣን በብዛት በምንኖርበት በዶራ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት አዲስ የአማርኛ ኢንተርኔት ቴሌቪዥን ዛሬ ተከፈተ። ቄሱ ስቱዲዮ ገብተው በቀጥታ ስርጭት ይመርቃሉ፤ ሕዝቡ ላይኛው ፎቅ አዳራሽ ሆኖ በትልቁ ስክሪን፣ የቀረው ዘመድ በስልኩ ያያል። ፕሮግራሙ ይሄ ነው።

እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተልኬያለሁ። እስከ ትናንት ድረስ የአለቃዬን የዮአቭን ኬብል ተሸክሜ ከኋላ ከኋላው ነበር የምሄደው። «ይሄን ብቻሽን ከተወጣሽው ከእንግዲህ ተከላውን አንቺ ትመሪያለሽ» አለኝ። «ካልሆነ ግን...» አለና ወደ ኬብሉ ጥቅል አየ።

ወደዚያ ጥቅል አልመለስም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ዮአቭ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኝ ነበር። «ፓነሉን ሁለት ጊዜ ሲነካ ብቻ እንዲቀይር አድርጊው። አንዱ ለመምረጥ፣ አንዱ ለማጽደቅ። ኦን ኤር፣ በቀጥታ ለሕዝብ የሚወጣውን ደግሞ ቆልፊው።»

እኔስ ምን አደረግሁ? ሁለት ጊዜ መንካት ለሚጠራጠር ሰው ነው ብዬ፣ አንዴ ሲነካ ወዲያው እንዲቀይር አደረግሁት። ፈጣን! ዘመናዊ! መቆለፊያውንም ለምን ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አያችሁ ትዕቢት?

የጣቢያው ባለቤት ጋሽ አለምነህ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጡ። «ሕዝቡ የቴክኒክ ክፍላችንንም ይይልን እንጂ» ብለው አራተኛዋን ካሜራ ከወንበሬ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ከፊቴ የተደረደሩትን ስክሪኖች ከኋላዬ ሆና ታሳያለች። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሰው እስካልተነሳ ድረስ።

አሁን ይሄን ልብ በሉልኝ፦ ወደ ስቱዲዮው የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በኔ ክፍል በኩል ነው።

ስርጭቱ ተጀመረ። ቄሱ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ካሜራ አንድ ላይ እንደ ፀሐይ ወጡ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ምስሉ ጥርት ያለ። ታብሌቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

በሩ ተከፈተ። ከቄሱ ጋር እንዲቀመጡ የተጠሩ አንድ ሽማግሌ ዘግይተው ገቡ።

ምን ላድርግ? እኔ እኮ የእናቴ ልጅ ነኝ! ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ እኛ ቤት አላደገም። ብድግ አልኩ። ታብሌቱን በግራ እጄ ደረቴ ላይ አቀፍኩ፣ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። እሳቸውም እንደ ደንቡ አልቸኮሉም። ደኅንነቴን ጠየቁ፣ የእናቴን ጠየቁ፣ የቤተሰቡን ጠየቁ። እኔም እንዳጎነበስኩ መለስኩ።

ቁጭ ስል ቄሱ ከስክሪኑ የሉም!

በቦታቸው ወንበሬና ጀርባዬ ኦን ኤር ላይ ናቸው። ቶሎ ብዬ ካሜራ አንድን ነካሁ፤ ቄሱ ተመለሱ። የሶፍትዌር ችግር ነው አልኩ።

ሌላ ሽማግሌ ገቡ። ብድግ፣ ጎንበስ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ»። ስቀመጥ ቄሱ የሉም!

«ይሄ ፓነል በራሱ ይቀያይራል!» ብዬ የሠሩትን ሰዎች ከነአያቶቻቸው ረገምኩ። ዘግቼ ከፈትኩት። ሰው ገባ። ብድግ፣ ጎንበስ። ቄሱ የሉም! ኔትወርኩን መረመርኩ። ሰው ገባ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዛሬ ለመዘግየት የተማከሩ ነው የሚመስሉት።

ስልኬ ደግሞ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ናት። በመጨረሻ አነሳሁት።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

«እሱንማ እያየንሽ ነው! አዳራሹ ሙሉ እያየሽ ነው! ኧረ ልጄ፣ በተነሳሽ ቁጥር መቀመጫሽ ነው የሚታየው!»

«ምን?»

«ድምፁ የቄሱ፣ መቀመጫው ያንቺ! እየመረቁ ያሉት መቀመጫሽን ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ያኔ ወደ ግራ እጄ አየሁ። ታብሌቱን ሳቅፍ ጣቶቼ የሚያርፉት በታችኛው ጥግ ላይ ነው። በታችኛው ጥግ ያለው ቁልፍ ካሜራ አራት ነው። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ፣ በአንድ ንክኪ እንዲቀይር ያደረግሁት እኔ። ድምፁን ከካሜራው ጋር እንዳይቀየር ለብቻው ስላሰናዳሁት ምርቃቱ ሳይቋረጥ በኔው ላይ ይወርዳል። ያውም የሥራ ሱሪ ለብሼ፣ ኋላ ኪሴ ውስጥ ብሎን መፍቻ ሰክቼ!

ማልቀስ አምሮኝ ነበር። ግን ያ የኬብል ጥቅል ታየኝ። አይሆንም! አልኩ።

ፓነሉን እንደገና ማስተካከል አለብኝ፤ በላፕቶፑም በታብሌቱም፣ ስርጭቱ ሳይቆም። ሥራው ከባድ አይደለም። ግን በየመሃሉ የምነሳ ከሆነ ቄሱ ምርቃታቸውን ጨርሰው ቤታቸው ይገባሉ። ጀመርኩት።

በሩ ተከፈተ።

እማማ ትርንጎ! በዶራ ከሳቸው የሚበልጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር የመጡ፣ እናቴን እንኳ «አንቺ ልጅ» የሚሏት። በትራቸውን ተደግፈው ከፊቴ ቆሙ። ጉልበቴ በራሱ ሊነሳ ሲል ወንበሩን በእጄ ያዝኩት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መነሳት አልችልም።»

«ምነው ልጄ፣ አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። በተነሳሁ ቁጥር ቄሱ ከስክሪኑ ይጠፋሉ።»

እማማ ትርንጎ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ስክሪኑን አዩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ ተቀምጬ!

«ታዲያ ማን ተነሺ አለሽ?» አሉኝ። «አቮዳ፣ ሥራ ላይ አይደለሽም እንዴ?»

ከዚያ ዞር ብለው በሩ ላይ ቆሙ። በትራቸውን እንደ መቀርቀሪያ አጋደሙት። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ «ሬጋ! ሬጋ! ቆዩ! ልጅቷ ሥራ ይዛለች፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል!» እያሉ መለሱት። ጋሽ አለምነህ እንኳ ሊገቡ ሞክረው ተመለሱ፤ የራሳቸው ጣቢያ እኮ ነው!

ሠራሁት። ምርጫና ማጽደቅ፣ ሁለት ንክኪ። ኦን ኤርን ቆለፍኩት። የካሜራ አራትን ቁልፍ ሆን ብዬ በጣቴ ደበደብኩት። ቄሱ ንቅንቅ አላሉም!

ጋሽ አለምነህ በኋላ እያፈሩ ቄሱን «ምርቃቱን ቢደግሙልን» ብለው ለመኗቸው። ቄሱ ምን እንደተፈጠረ ሲነገራቸው ጥምጥማቸው እስኪወዛወዝ ሳቁ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ይሄኛው ከዳር እስከ ዳር በፊታቸው ተላለፈ።

ስልኬ ጮኸ። ዮአቭ ነው። ለካ አማርኛ ባይሰማም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያይ ነበር!

«ሶፍትዌሩ ነው?» አለኝ።

አዎ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ እውነቴን ነው።

«አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ። በአንድ ንክኪ አደረግሁት፣ አልቆለፍኩም።»

የኬብሉ ክብደት ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ።

«ግን ለምንድን ነው እንደዚያ ደጋግመሽ የምትነሺው?»

ነገርኩት። ትልቅ ሰው ሲገባ እኛ እንደማንቀመጥ፣ አንዱን ሰላም ብሎ ሌላውን መዝለል እንደማይቻል ሁሉንም አስረዳሁት። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

«እሑድ ሐይፋ አንድ ስቱዲዮ አለ» አለኝ ሳቁ ሲበርድለት። «አንቺ ትመሪያለሽ። ኬብሉን ሌላ ሰው ይሸከምልሻል። ትልቅ ሰው ከመጣ ግን መጀመሪያ ቆልፊ፣ ከዚያ ተነሺ!»

አለቀስኩ። አዎ፣ ኮንትሮል ሩም ውስጥ ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ።

ከዚያ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ መቆለፉን አይቼ እንደገና አየሁ፣ ተነሳሁ። እማማ ትርንጎ ገና በሩ ላይ ነበሩ። ሁለቱም እጄ ባዶ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ቆዩ።

አሁን የምጽፍላችሁ ከከተማችን ባሕር በላይ ካለው የእግር መሄጃ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ቪዲዮው በዘመድ ዋትስአፕ ሁሉ እየዞረ ነው። አክስቴ ከሥሩ «አሜን» ብላ ጽፋለች። እናቴ ደግሞ «መቀመጫሽ እንኳንም ተመረቀ፣ ከእንግዲህ ወንበሩን የሚቀማሽ የለም» ብላ ድምፅ ልካልኛለች።

ይኸውላችሁ ደግሞ፣ አንድ ሽማግሌ በመሄጃው እየመጡ ነው። ስልኬን ቆልፌ ልነሳ ነው።

ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ከኋላዬ ካሜራ አለ?