ከበለሱ ሥር ያለችው ቀይ ፒካፕ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን ያጥባል። አጥቦ የማይጨርስ ግን በየመንደሩ አንድ ሰው አለ። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲ ሲንኳኳ ከሰማችሁ እሱ ነው። ሰው ሁሉ እርሻ ሲወርድ እጅጌውን ጠቅልሎ የመኪና በር የሚዳብስ ካያችሁም እሱ ነው። እኛ ሰፈር የለም ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ አለ። የእኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። እኔ ደግሞ አጥር ለአጥር ነኝና ምስክርነቴ የታመነ ነው።

ክቡር ትራሲቩሎስ ይባላሉ። "ክቡር" የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጡረታ የወጡ የጥጥ ገበሬ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ አንዲት ቀይ ፒካፕ አለቻቸው። በእኛ በግሪኮች አገር፣ በቴሳሊያ ሜዳ፣ ፒካፕ የሌለው ገበሬ ማግኘት ይቸግራል። የሌላው ሰው ፒካፕ ግን ፍግ ይጭናል፣ በግ ይጭናል፣ ሽንኩርት ይጭናል፣ አማት ይጭናል። የክቡርነታቸው ፒካፕ ጭነት የሚባል ነገር አታውቅም። ሐብሐብ እንኳ ከእርሻ የሚያመጡት በእጅ ጋሪ ነው። አንድ ነሐሴ ላብ በላብ ሆነው ጋሪውን ሲገፉ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

"ትራሲቩሎስ፣ መኪናህ ተበላሸች እንዴ?"

"ምነው ጎረቤት፣ ክፉ አታውሪ!" አሉ ደንግጠው። "በዚህ ሐሩር እሷን ላውጣት?"

የቅዳሜው ሥርዓት ከቅዳሴ አያንስም። ሁለት ባልዲ ይቀርባል፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የፎጣው ቆሻሻ የሚራገፍበት። ሁለተኛውን የንስሐ ባልዲ እለዋለሁ። እጥበቱ ሲያልቅ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር ቀለሙ ላይ እያንሸራተቱ ዓይን የማያየውን እድፍ ይለቅማሉ። ከዚያ ፖሊሽ ይከተላል፣ ከፖሊሹ በኋላ ሰም። ፎጣው ደግሞ አራስ ልጅ የሚጠቀለልበት ዓይነት ለስላሳ ነው። አንዴ መሬት ከነካ ግን አለቀለት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ቢመለስ ቀለሙን ይጭራልና ዳግም ወደ መኪናዋ አይቀርብም። ሟች ፎጣዎቹን ለጎረቤት ያድላሉ። ማድ ቤቴን የምወለውለው በእነሱ ነው። መኪናዋን ለምን ጋራዥ አያስገቧትም ትሉ ይሆናል። ጋራዡ በቅባትና በሰም ጠርሙስ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ በጠራራው ቀን የእጅ ባትሪ አብርተው፣ አንድ ጉልበታቸውን አንበርክከው፣ ቀለሙን አግድም ያዩታል። ቀጥሎ የምትመጣውን ቃል መንደሩ በሙሉ በቃሉ ያውቃታል።

"ከዚያ ሆነሽ እይልኝ እስቲ። መስመር አለ?"

መስመር የሚሉት ፎጣ ትቶት የሚያልፈውን፣ ከፀጉር የቀጠነ ጭረት ነው። በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ ተጠይቋል፤ ሁሉም "የለም!" ብሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። "አለ" ያለ ሰው እዚያው እንደተያዘ መቅረቱ ነውና። አንድ ጊዜ ፖስታ አዳዩ ተሳስቶ "ያለ ይመስለኛል" አለ፤ የመንደሩ ደብዳቤ በማግስቱ ደረሰ። እኔማ ባቄላ ከምፈለፍልበት ሳህን ቀና ሳልል "የለም!" ስል አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ።

እኛ ዘንድ የሚያምር ነገር ያየ ሰው ቡዳ እንዳይበላው ሦስት ጊዜ እትፍ ይልበታል። ሕፃን ቢሆን፣ ሙሽራ ብትሆን፣ አዲስ የተገዛች ላም ብትሆን አይቀርላትም። ክቡርነታቸው ደግሞ መኪናቸው እንድትደነቅ ይሞታሉ። መከራው እዚህ ላይ ነው። አንዲት አሮጊት ቆም ብላ "እሰይ እሰይ፣ ምን የመሰለች ናት! እት..." ከማለቷ ፎጣቸውን እንደ ጋሻ ይዘው በመካከል ዘለው ይገባሉ።

"ተዪው እናቴ! ቡዳ ይሻለኛል! ቡዳ ነጠብጣብ አይተውም!"

ከቄስ ፎቲስ ጋር ያደረጉትንም ላውራ። በጥምቀት ቄሱ በበሶብላ ጠበል እየረጩ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ትራክተሩን። ክቡርነታቸው በር ላይ አስቆሟቸው።

"አባ፣ ይቅርታዎን። ይሄ ጠበል የጉድጓድ ነው የቧንቧ?"

"የጉድጓድ ነው ልጄ። ምነው?"

"የእኛ ጉድጓድ ኖራ አለው። ሲደርቅ ነጭ ነጭ ይላል።" ከጀርባቸው አንድ ጠርሙስ የተጣራ የባትሪ ውሃ አወጡ። "ይቺን ቢባርኩልኝስ?"

ቄሱ ጠርሙሱን አዩ፤ ክቡርነታቸውን አዩ። "ትራሲቩሎስ፣ ዮርዳኖስም የባትሪ ውሃ አልነበረም" አሉና በሶብላውን እስከ እጀታው ነክረው ከኮፈኑ እስከ ኋላ መብራቱ አዳረሱላቸው። ያን ዕለት ከጸሎቱ "አሜን" እና ከፎጣው እንቅስቃሴ የትኛው እንደቀደመ እስካሁን ይወራል።

የእኔና የእሳቸው ጠብ ግን በበለስ ነው። የበለስ ዛፌ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻግሮ ግቢያቸው ገብቷል። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ወተት ያንጠባጥባል፣ ፍሬው ሲበስል ይፈርጣል፣ ፍሬውን የበላ ወፍ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

"ጎረቤት! ዛፍሽ ደግሞ ተፋብኝ!"

"አይቶ ወዶልህ ነዋ! ቡዳ እንዳይበላብህ!"

"እቆርጠዋለሁ!"

"ንካውና እንተያያለን! ለምን መኪናህን ወዲያ አታቆማትም?"

"ግቢዬ ነው! በፈለግሁበት አቆማለሁ!"

ግቢያቸው አውድማ ያክላል። እሳቸው ግን መኪናዋን ሁልጊዜ፣ አንድ ስንዝር ሳያዛንፉ፣ እዚያችው ቅርንጫፍ ሥር ነበር የሚያቆሟት። ነገር ፍለጋ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንድ ልጄን አሲሚናን ከወንዙ ማዶ ላለ ሰው ዳርኩ። በእኛ ልማድ ሠርጉ እሑድ ከሆነ የሙሽራዋ ዕቃ ሐሙስ ይሄዳል። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ እናት የጠለፈችው አንሶላና የትራስ ልብስ፣ ሁሉም ፒካፕ ላይ ተቆልሎ፣ ጥሩምባ እየተነፋ፣ አገር እያየው። ቀኑ አይለወጥም፤ ከተለወጠ ለትዳሩ ገድ የለውም ይባላል። እኔ እነዚያን አንሶላዎች ሰባት ክረምት ጠልፌአለሁ። አባቷ በሕይወት የለም። ልጄ አማቶቿ ፊት አንሳ እንዳትታይ ያለኝ ነገር ያ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሴቶቹ ተሰበሰቡ። የወንድሜ የላዛሮስ ፒካፕ ደጄ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ቆሞም ቀረ። ላዛሮስ ቁልፉን ያዞራል፣ መኪናው እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ዝም ይላል። የመንደሩ ፒካፕ ሁሉ ጥጥ ሊዘራ ሜዳ ወርዷል። ይባስ ብሎ በደቡብ በኩል ሰማዩ እንደ ጡብ ቀላ። በፋሲካ ሰሞን ነፋሱ የሰሃራን አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ዝናብ ሲቀላቀለው ከሰማይ የሚወርደው ጭቃ ነው። ሰባት ክረምቴ በሁለት ደቂቃ ጭቃ ሊሆን ነው አልኩ።

በአጥሩ ማዶ ክቡርነታቸው ቆመዋል። ጾሙ ሲገባ የጀመሩትን ፖሊሽ ያን ጠዋት ጨርሰው የመጨረሻውን ሰም ቀብተዋል። "እስከ ነገ ጠብታ ውሃ አይንካት!" እያሉ ሲለፍፉ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ አልጠየቅኩም። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ዓይኔንም ወደዚያ አላነሣሁ። እሳቸው ሰማዩን አዩ። መኪናዋን አዩ። ከዚያ የኋላ መዝጊያዋ ቋ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ነው።

"ጫኑ!"

"ትራሲቩሎስ፣ ሰሙ አልደረቀም እኮ" አልኩ።

"ሰም ነገም ይቀባል። ሐሙስ ዛሬ ብቻ ነው። ጫኑ ነው የምላችሁ!"

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው። ሲጀመርም ለፌዝ ነበር።

ፍራሹ ተጫነ፣ ሳጥኑ ተጫነ፣ አንሶላዎቹ ከላይ ተደረደሩ። ትራሲቩሎስ ጋራዡ ገብቶ የመኪናዋን የዝናብ ልብስ አመጣ። ልክ አሰፍቶ ያሠራው፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ውሃ የማያስገባ። ፒካፗ ላይ የሚጥለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የልጄ ዕቃ ላይ ዘርግቶ ዳርና ዳሩን በገመድ አሠረው። ቀይዋ ፒካፕ ራቁቷን ቀረች።

እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ጭቃው ጠብ ባለ ቁጥር ትከሻው ይሰበቃል። ጥሩምባውን ግን ከልቡ ይነፋ ነበር፤ መንደር ለመንደር፣ እጁ እስኪደነዝዝ። ስንደርስ ፒካፗ የሸክላ ድስት ትመስላለች። የሙሽራው እናት የዝናብ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገች፤ አንሶላዎቹ ቦግ አሉ፣ አንዲት ጠብታ የለባቸውም። አክስቶቹ ሁሉ ወጥተው "እሰይ! ምን ዓይነት እጅ ነው!" እያሉ አንሶላውንም፣ ሳጥኑንም፣ ፒካፗንም እትፍ እትፍ እትፍ አሉባቸው። የዚያ መንደር ቄስ በሶብላቸውን ነክረው መጡ፤ ውሃው የጉድጓድ ነበር። ለበረከት የሚበተነው ሩዝና የስኳር ለውዝ እንደ ጠጠር ኮፈኑ ላይ ወረደ። ትራሲቩሎስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንደ ሙሽራዋ አባት ቆሞ ነበር። እንደዚያ ቆሞ ሳየው እንባዬ መጣ። ከዝናቡ ጋር ጠረግሁት።

ስንመለስ "ትራሲቩሎስ፣ እንዴት ብዬ..." ስል ሳያስጨርሰኝ "ዝም በይ ጎረቤት። ጭቃው ሳይደርቅ እንድረስ" አለ።

የአንድ ጾም ልፋቱ ገደል ገባ፤ ከአቧራው ጋር የመጣው አሸዋ ቀለሙን በሙሉ ጭሮታል። እኔም ውለታውን በምን ልመልስ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣልኝ። እሱ ከተማ ፎጣ ሊገዛ በሄደበት ላዛሮስን ጠርቼ፣ ልቤ እያዘነ፣ ያንን የበለስ ቅርንጫፍ ከሥሩ አስቆረጥኩት። ወንበር አውጥቼ ሲመጣ የሚለኝን ልሰማ ተቀመጥኩ።

መጣ። ወደ ላይ አየ። የያዘው ፎጣ ሁሉ መሬት ላይ ወደቀ፤ አንዱንም አላነሣም።

"ጎረቤት! ምን አደረግሽኝ?"

"ገላገልኩሃ! አሥራ አንድ ዓመት ቁረጪው ስትል..."

"ጥላዬን! ጥላዬን ቆረጥሽው!"

"የምን ጥላ?"

"ፖሊሽ በፀሐይ ይሠራል እንዴ? ብረቱ ከጋለ ቅባቱ እዚያው ይደርቃል፣ ሰሙ ይጠበሳል! ሌላ የት ጥላ አለኝ?" አለና እንደ አውድማ የተዘረጋ፣ አንድ ዛፍ የሌለበት ግቢውን በእጁ አሳየኝ። እኔም ያን ጊዜ አየሁት።

"ታዲያ ለምንድነው ስትሰድበው የኖርከው?"

"የእኔ ሥራ መስደብ ነው፣ የአንቺ ሥራ መመለስ! ቁረጪው ብዬ አውቃለሁ? እቆርጠዋለሁ ነው ያልኩት!"

ምን ይባላል? የቀረው የበለስ ጥላ እኔ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ቅዳሜ በሬን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ቀይዋ ፒካፕ ወደ ኋላ እየተነዳች ገባች፣ ሁለቱ ባልዲዎችም ተከተሉ። ይኸው ዓመት ሞላን። አልፎ ሂያጁ በሬ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ይጠቃቀሳል። ይጠቃቀስ።

አሲሚና ከሄደች ወዲህ ቤቱ ይከብደኛል፤ በተለይ ቅዳሜ፣ ድሮ ሁለታችን ባቄላ በምንፈለፍልበት ሰዓት። አሁን ሳህኔን ይዤ በለሱ ሥር እቀመጣለሁ። ለእሱ ቀዝቃዛ ውሃና በስኳር የተቀቀለ ቼሪ በማንኪያ አስቀምጥለታለሁ። ያጥባል፣ ይለቅማል፣ ይቀባል፣ ዛፌን ይሰድባል። ወደ እኩለ ቀን ገደማ አንድ ጉልበቱን አንበርክኮ የእጅ ባትሪውን ያበራል።

"ጎረቤት፣ ከዚያ ሆነሽ እይልኝ እስቲ። መስመር አለ?"

ሳህኑን አስቀምጬ እነሣለሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን አጥብቤ፣ ከኮፈኑ እስከ ኋላ መብራቱ አንድ በአንድ አያለሁ። በለሱ ከነቅጠሉ፣ እኔም ከነመነጽሬ በሩ ላይ ቁልጭ ብለን እንታያለን። የፀጉር ያህል ጭረት የለባትም።

"አለ" እለዋለሁ። "እዚያ ታች፣ ከግራው በር ሥር።"

"ብዬ ነበር!" ይላል፤ ፎጣውን ያነሣል።