ለባሕር ጀርባ አይሰጥም

በየሰፈሩ አንድ የሽርሽር አዛዥ አለ። ሌላው ሰው «ባሕር ብንሄድ ጥሩ ነበር» ብሎ ወዲያው ሲረሳው፣ እሱ ሳንድዊቹን ማን ይሥራው እያለ እንቅልፍ ያጣል። ከአሜሪካዋ ኦሪገን ባሕር ዳርቻ የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቀው ከተማችን ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ቨርና ሆግለንድ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም።

ክብርትነታቸው የመስከረሙን ጉዞ ማቀድ የሚጀምሩት በሐምሌ ነው። ወጥ ቤታቸው ሰብስበው ያስቀምጡንና ባሕሩ መቼ እንደሚሸሽ፣ መቼ እንደሚመለስ እንደ ተማሪ ያስጠኑናል። «ጂንስ የለበሰ መኪናዬ ውስጥ አይገባም! የረጠበ ጂንስ ከሬሳ ይከብዳል!» አንድ ዓመት ፖስተኛው ከርቲስ «ለሽርሽር ነው ወይስ ለዘመቻ?» ብሎ ቢቀልድ፣ ያለ ሰናፍጭ ሳንድዊች እንዲበላ ተፈረደበት።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የበላዩ ግን «ለባሕር ጀርባ አይሰጥም» የሚለው ነው። ዳርቻው ላይ ያለው ፓርክ ስንደርስ እሳቸው አሸዋው ላይ የሚሄዱት ወደ ጎን ነው፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ። እኛም እንደ ሸርጣን እንከተላለን። ጉም ሲወርድ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው በየስማችን ይጠሩናል፤ እኛም «አለሁ!» እንላለን። በመጨረሻ ሁልጊዜ «ዴል!» ብለው ይጣራሉ።

ዴል ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ልጆች ሳሉ እዚያው ዳርቻ ላይ ቨርና ጫማቸውን ሊያነሱ ዞር አሉ፤ መለስ ሲሉ ልጁ የለም፣ ማዕበል ወስዶታል። አስከሬኑም አልተገኘም። ስሙን ይጠሩና ሰው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ያህል ዝም ብለው ይቆማሉ። በዚህ ከርቲስ እንኳ ቀልዶ አያውቅም። አንዴ ደፍሬ «ይመልሳል ብለው ነው?» ብላቸው፣ «ታዲያ ለምን እጠራዋለሁ? አንድ ቀን ይመልስልኛል» አሉኝ።

ዘንድሮ ዳሌያቸው እምቢ አለ። ብርድ ልብስ ደርበው መኪናው ውስጥ ቀሩና ሥልጣናቸውን ለእኔ አስረከቡ። «ጥሪው ያንተ ነው። ዴልን እንዳትረሳ።»

ከርቲስ፣ ሚስቱ ጆሊንና እኔ ዳርቻው ላይ ያሉትን ድንጋዮች አልፈን ብዙም ሳንርቅ ጉሙ ዋጠን። የማዕበሉ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ቀዝቃዛ ውሃ ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፤ ባሕሩ እየተመለሰ ነው፣ መሬቱ ግን በየት በኩል እንደሆነ ጠፋን።

«ከርቲስ!»

«አለሁ!»

«ጆሊን!»

«አለሁ! ኧረ በየት እንውጣ?»

አደራ ነውና «ዴል!» አልኩ።

«አለሁ!»

የልጅ ድምፅ ነው። ለምሳ አሥር ጊዜ እንደተጠራ ልጅ የተሰላቸ። ሦስታችንም ሰምተናል። ወደ ድምፁ ሄድን። አሸዋው ደረቀ፣ ሣር ቅልጥማችንን ነካ፣ ከዚያ የመኪናው መብራት ታየን። ሣሩ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ነገሩን ልደብቃቸው ወስኜ ነበር። እሳቸው ግን ፊታችንን አንድ ጊዜ አዩና «መለሰ?» አሉ።

መዋሸት አቃተኝ። «መለሰ።»

«በየት በኩል?»

«በመሬቱ በኩል። ከሣሩ ውስጥ።»

ወደ ሣሩ ዞር ብለው አዩ። «ስጠራው የኖርኩት ወደ ባሕሩ ዞሬ ነው» አሉ። «ለካስ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።»

ስንቴ የሳቅኩባቸው ሴት ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩላቸው። ስንመለስ ሬዲዮ የከፈተ የለም። በመንገዳችን ያለውን ጫካ ሳንጨርስ ክብርትነታቸው የሚመጣውን ዓመት ማቀድ ጀመሩ፦ ደግፎ የሚያወርዳቸው ከርቲስ፣ ብርድ ልብስ የምትይዘው ጆሊን።

«አንድ ሥራ ቀረ» አሉ በመስኮቱ እያዩ። «ጀርባዬን ስሰጥ ባሕሩን የሚጠብቅልኝ ሰው።»

«እኔ እጠብቅልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ጂንስ እንዳትለብስ» አሉኝ።