እግዜር ያጽናዎት፣ ቀጣይ ጥያቄ

ሰው በማጽናናት እኛን የሚያህል ሕዝብ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ሲያትል ውስጥ አንድ ሰው ሞተ ከተባለ የሬንተኑም የቢከን ሂሉም ፈረቃውን ቀይሮ፣ ውኃ በካርቶን ተሸክሞ ከተፍ ነው። ምን እንደሚባል ማንም አይጠፋውም። ክርስቲያኑ እግዜር ያጽናችሁ ይላል፣ ሙስሊሙ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ ይላል፣ እንደኔ ግራ የሚጋባው ደግሞ ሁለቱንም ብሎ ጥግ ይይዛል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ማጽናናቱን ስንካንበት ጊዜ መልስ መስጠት የሚባለውን ነገር ጭራሽ ሳንረሳው አልቀረንም። በሽታው ደግሞ ተላላፊ ነው መሰለኝ፣ የዚህን አገር ፖለቲከኞችም ይዟቸዋል።

ጋሽ ሸምሱን ላስተዋውቃችሁ። ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ጤፍና በርበሬ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። የስልጤ ሰው ናቸው። ክርክር አይወዱም። ዋጋው ይሄ ነው፣ ትወስዳለህ ወይስ አትወስድም? ይሉሃል፣ በቃ። እኔ ደግሞ ሳልከራከር የገዛሁት በርበሬ ወጥ ውስጥ የሚያር ስለሚመስለኝ፣ ስንት ጊዜ ተኮራርፈናል መሰላችሁ!

ባለፈው ፀደይ ሁለተኛ ልጃቸው ነቢል ነዳጅ ማደያ ቆሞ ሳለ፣ ለሌላ ሰው የተተኮሰ ጥይት መታው። ከማንም ጋር ጠብ አልነበረውም። መኪናውን ነዳጅ እየሞላ ነበር። ይሄንን ነገር ጨዋታ አስመስዬ የምነግርበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ እንዲሁ ነግሬያችሁ ልለፍ።

ለቅሶው ላይ ለስቴቱ ምክር ቤት የምትወዳደር አንዲት ሴትዮ መጣች። ሻርፕ አጥልቃ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ምንጣፉ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። እግሯ እንደ ደነዘዘ ያስታውቅ ነበር፣ ፊቷን ግን አላጨማደደችም። አደነቅናት። ልትሰናበት ስትነሣ ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ ልጠይቅሽ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ሽጉጥ የሚሉት ነገር እንደ ልብ እንዳይገዛ... ብለው ሲጀምሩ፣ ከግራ ከቀኝ ሽማግሌዎች ተረባረቡባቸው። ለቅሶ ቤት ጥያቄ? ያውም ልታጽናና የመጣችን እንግዳ? ነውር አይደለም እንዴ! ሴትዮዋም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አሁን የፖለቲካ ጊዜ አይደለም አለች። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እንዴት ያለች ጨዋ ናት ተባለ። እኔም ብያለሁ።

ጋሽ ሸምሱ ታዲያ ጊዜው መቼ ነው? አሉ። ምርጫው ሲቃረብ ተወዳዳሪዎቹ ኮሚኒቲው አዳራሽ መጥተው ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ያን ጊዜ ይጠይቃሉ ተባሉ። ጠበቁ። ማንን እንደምመርጥ የማውቀው መልሱን ስሰማ ነው እያሉ፣ ሱቃቸው የገባውን ሰው ሁሉ ቀኑን እያስታወሱ ጠበቁ።

ሶ፣ ቀኑ ደረሰ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ይዝነብ አይዝነብ ሳይወስን ያካፋል። መኪናዬን ከአዳራሹ ርቄ ፓርክ አድርጌ፣ ልጄን ይዤ ገባሁ። መድረኩ ላይ ሦስት ተወዳዳሪዎች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ያቺው ሴትዮ ናት። ሁለተኛው ሰማያዊ ክራባት ያሰረ፣ ፈገግታው የማይወልቅ ሰውዬ ነው። ሦስተኛው የሸራ ጃኬት የለበሰ ወፍራም ሰው ሲሆን፣ በፓርቲው የተነሣ በዚህ ሰፈር እንኳን ሊመረጥ መምጣቱም ድፍረት ነው የተባለለት ነው።

የእኛ ሰው ማይክ ሲይዝ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላዘጋጁልን ይባላል፣ ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያ ታሪክ፣ ከዚያ ሌላ ታሪክ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ እንዳለ ሰዓቱ ያልቃል። ጋሽ ሸምሱ ግን ተነሡና፣ ልጄ በሽጉጥ ሞቷል፣ የሽጉጥ መግዣ ሕግ ከአሁኑ በላይ እንዲጠብቅ ድምፅ ትሰጣላችሁ ወይስ አትሰጡም? ብለው ቁጭ አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ አዳራሽ ተጠይቆ አያውቅም። አንዳንዱ ገና መጀመራቸው መስሎት አንገቱን አዙሮ ይጠብቃል።

ለአንድ ጥያቄ ሁለት ተወዳዳሪ ይመልሳል ተብሎ ነበርና፣ ቅድሚያ ለሴትዮዋ ተሰጠ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልቤ ተሰብሯል አለች። ከዚያ ለነቢል ሁላችንም ተነሥተን በዝምታ እንድንቆም ጠየቀች። ቆምን። ዝም አልን። እሷን እያከበርን ዝም ብለን እንደቆምን የመልስ ሰዓቷ አለቀ።

ሰማያዊ ክራባት ቀጠለ። የእሱም ልብ ተሰብሯል። እሱም አባት ነው። ሐዘን ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ምክንያቱም በቅርቡ አያቱን ቀብሯል። አያትየዋ ዕድሜ ጠግበው፣ አልጋቸው ላይ፣ ልጅ የልጅ ልጅ ከቧቸው ነው የሞቱት። ይሁን፣ ሞት ሞት ነው። ድምፁ ሲቆራረጥብን ጊዜ እኛ ምን እናድርግ፣ ልማድ ነው፣ አዳራሹ ባንድ አፍ እግዜር ያጽናህ አለው። ዞር ብዬ ባይ ጋሽ ሸምሱም እጃቸውን ዘርግተው አላህ ያጽናህ ይላሉ። ልጃቸውን የቀበሩት ሰውዬ ናቸው እንግዲህ! አወያዩ አመሰገነና፣ ቀጣይ ጥያቄ አለ።

የእድራችን ሊቀመንበር ነገሩ አልጣማቸውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሐዘንተኛ ሲጠይቅ ማጽናናት ግድ ይሆናል፣ ሰው ያልሞተበት ይጠይቅ አሉኝ። እናትና አባቴ በሕይወት አሉ፣ እህት ወንድሞቼም ደህና ናቸው። በዕድሜዬ ለአንድ ነገር ስመረጥ የመጀመሪያዬ ነው። ተነሥቼ የጋሽ ሸምሱን ጥያቄ፣ ቃሉን ሳልለውጥ ደገምኩት።

ክራባቱ ግሩም ጥያቄ ነው አለኝ። እኔም ሞኝ፣ ደስ አለኝ። ነገር ግን፣ አለ፣ እንደ አቶ ሸምሱ ያሉ ቤተሰቦች ቁስላቸው ገና ትኩስ ነው። ለእነሱ ክብር ስንል ነገሩን በጥድፊያ ልናየው አይገባም፣ ሰፊ ውይይት ያስፈልገዋል። ሴትዮዋም እስማማለሁ አለች። ጉድ እኮ ነው! አባትየው ሲጠይቅ ሐዘንተኛ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ እኔ ስጠይቅ ለሐዘንተኛው ክብር ተብሎ ይታለፋል። ታዲያ ማን ይጠይቅላችሁ? መቃብር ሄደን ነቢልን እንጥራው? ልጄ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ ዳዲ፣ ዴይ ዲድንት አንሰር ዩ አለችኝ፤ አልመለሱልህም እኮ ማለቷ ነው። ዝም በይ አልኳት፣ በትልቅ ሰው ፊት። ተናድጄ ነበር፣ ግን በእሷ አልነበረም።

ይሄኔ ባለሸራ ጃኬቱ ማይኩን ከጠረጴዛው አነሣ። ተራው አልነበረም። ጋሽ ሸምሱን በቀጥታ እያየ፣ አልሰጥም አለ። ልጅዎ በመሞቱ አዝናለሁ፣ ግን መሣሪያ መያዝ መብት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሕጉ አሁንም በዝቷል፣ ይጥበቅ የሚል ነገር በመጣ ቁጥር ተቃውሜ ነው ድምፅ የምሰጠው። ጥያቄዎ አዎ ወይም አይ ነበር፣ የእኔ አይ ነው። ብሎ ማይኩን መለሰው።

አዳራሹ ተተራመሰ። በስመአብ! ያ ረቢ! ለሐዘንተኛ እንዲህ ይባላል? አሳዳጊ የበደለው! አንዷ እናት ደረታቸውን መቱ። የመመረጥ ተስፋ የሌለው ሰው ምን አለበት፣ እንዳሻው ይናገራል አልኩ እኔ ለሊቀመንበሩ፣ እሳቸውም እውነትህን ነው አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ጋሽ ሸምሱ ተነሡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለባለጃኬቱ ጎንበስ ብለው፣ አመሰግናለሁ አሉት። ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው ብለን ደነገጥን። የሆነ ሰው ሮጦ ውኃ አመጣላቸው።

በዚህ አገር ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው። ጋሽ ሸምሱ የደቃቅ ጽሑፍ ነገር አይሆንላቸውምና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮል አደረጉልኝና ወረቀታቸውን ይዘው ቢከን ሂል ቤቴ መጡ። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እስክሪብቶ ተቀበሉኝና፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው፣ ከአንዱ ስም አጠገብ ያለውን ክብ ቀስ ብለው አጠቆሩት። ሳየው የባለሸራ ጃኬቱ ነው።

ጋሼ ተሳሳቱ! ብዬ ጮህኩ። ይሄ እኮ ያ ሰውዬ ነው፣ አልሰጥም ያለዎት!

አልተሳሳትኩም አሉኝ።

ይሄን ጊዜ እኔም ተቆጣሁ። የልጅዎ ደምስ? አልኳቸው። ከአፌ እንደ ወጣ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ጋሽ ሸምሱ ቀና ብለው አዩኝ። ለቅሶው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ከቧቸው፣ እንባቸውን አላየሁም ነበር፤ አሁን እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረደ። አልጠረጉትም። በሬ በቀንዱ ሰው በቃሉ ይያዛል ይባል የለም እንዴ? አሉኝ። ይሄኛው ይመረጥም አይመረጥም ቃል አለው። ተመርጦ እንደ ሆነ የነቢልን ፎቶ ይዤ ቢሮው እሄዳለሁ፣ አልሰጥም ብለኸኛል፣ አሁን ተቀመጥና እኔም የምልህን ስማ እለዋለሁ። ያስወጣኝም እንደ ሆነ ምን ብሎ እንዳስወጣኝ አውቃለሁ።

ሌሎቹ ጋስ ቢሄዱ? አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ወረቀቱን አጥፈው ፖስታው ውስጥ ከተቱ። አሸጉት።

«እነሱ ጋማ ሄጄ ምን እላለሁ» አሉ፣ «ገና አጽናንተው አልጨረሱኝም።»