ባዶ እጃቸውን የማይመጡት ጋሽ በላይነህ

ሰው ቤት ባዶ እጁን የማይሄድ ሰው ያውቃሉ? የጉርድ ሾላው ጎረቤቴ ጋሽ በላይነህ እንደዚያ ናቸው። ሌላው ሙዝ ሲይዝ እሳቸው የድመት ልጅ ይይዛሉ። ለአራስ ጥየቃ ድመት፣ ለቤት ምርቃት ድመት! ለቅሶ ቤት እንኳ ጋቢያቸው ውስጥ “ሚያው” ሲል ሳቃችንን በነጠላ አፍነናል።

አምና አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ድመት እንዳትወልድ በርካሽ ኦፕራሲዮን እንደሚያደርግ ሰማሁና እየሮጥኩ ሄድኩ።

“ጋሽ በላይነህ፣ ድመትዎን ኦፕራሲዮን እናስደርጋት፤ ከእንግዲህ አትወልድም!”

ክው አሉ። “ታዲያ ሰው ቤት ባዶ እጄን ልሂድ ነው የምትለኝ?”

እኔንም ባዶ እጄን አልሸኙኝም። አንዲት ግራጫ ድመት አሳቀፉኝ።

እሷን እንኳ ኦፕራሲዮን ላስደርጋት ዛሬ ነገ ስል ቅናሹ አለቀ፣ ድመቷም አርግዛ ወለደች።

ለመሆኑ እርስዎ እሁድ ቤት ነዎት?