የሞተሬን ሾክ ራሴ ሠርቼ አባቴን ከኋላ የጫንኩ ቀን

ጎበዝ፣ ይሄን የምጽፈው ገና ሳልረጋጋ ነው። ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ።

ዛሬ ጠዋት አባቴን ልገድላቸው ነበር!

በብስጭት አይደለም። በሞተር።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሞተር ሳይክል እንዳለኝ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ፔጅ ላይ ከእኔ ፊት የሷ ፎቶ ይበዛል። ሰሞኑን የፊት ሾኳ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ሾክ ማለት የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ቱቦዎች ናቸው፤ ጉድጓድ ስትገቡ ጥርሳችሁ እንዳይረግፍ የሚያደርጉት። ውስጣቸው ዘይት አለ። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ደግሞ ኦይል ሲል የሚሉት የጎማ ቀለበት ነው። እሱ ሲያረጅ መቀየር ነው፣ በቃ።

ጋራዥ መውሰድ እችል ነበር።

ግን ቪዲዮ አለ አይደል!

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ እየሳቀ ነው የሚሠራው። ልብሱ እንኳን አይቆሽሽም። እኔ ትናንት ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሾኩን ክዳን ስፈታ፣ ውስጥ ያለው ሞላ ክዳኑን አስፈንጥሮ በጆሮዬ ስር አሳለፈው። የጎረቤታችን የተሰጣ አንሶላ ላይ አረፈ።

መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

እኔ ግን ሳቅኩ። አሮጌውን ቀለበት በካቻቪቴ ፈልቅቄ አወጣሁ፣ አዲሱን ከተትኩ፣ ዘይት ሞላሁ፣ ሰልፊ ተነሳሁና "ራሴ ሠራኋት!" ብዬ ለጠፍኩ። እናንተም ላይክ አደረጋችሁ። ተባባሪ ናችሁ!

አሁን ወደ አባዬ።

አባዬ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ዛሬም ሰፈሩ ቀጥ ይላል። ሞተሬን ከገዛሁ ጀምሮ አጠገቧ ቆመው አያውቁም። ዛሬ ግን ወደ መቀሌ መብረር ነበረባቸው፤ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነገ ታገባለች፣ መራቂው እሳቸው ናቸው። የጠራሁላቸው መኪና ካንስል አደረገ። ሌላ ጠራሁ፣ እሱም መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቀረ።

አባዬ ሰዓታቸውን አዩ። ሞተሯን አዩ። እኔን አዩ።

"ሠርቻታለሁ ብለሻል አይደል?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"መቶ ፐርሰንት!" አልኩ።

ትርፍ ሄልሜቴን አደረግኩላቸው፤ ሮዝ ነው። ሻንጣቸውን ደረታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ከነሙሉ ሱፋቸው፣ ከነክራቫታቸው ከኋላዬ ተቀመጡ። ኩራቴን አትጠይቁኝ!

መጀመሪያ ፍሬን ስይዝ ሰላም ነበር።

ቀጥሎ ስይዝ ትንሽ ለሰስ አለብኝ።

ወደ ቦሌ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ዘይት ሲቃጠል ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊት ፍሬኑ በዘይት ያብረቀርቃል። ቀለበቱን ገልብጬ ነው የገጠምኩት! ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሾኩ ይጫናል፣ በተጫነ ቁጥር ዘይቱን ፍሬኑ ላይ ይተፋል። ለማቆም በሞከርኩ ቁጥር መቆም እያቃታት ነው ማለት ነው።

የፊቱን ፍሬን ለቀቅኩ።

ያቺን ሱፍ ለብሰው ያመኑኝን ሽማግሌ አሰብኩ። እናቴን ምን እላታለሁ? ሠርግ ቤቱ ነገ ምን ይሆናል? ከፊታችን ሚኒባስ ታክሲ ቀጥ አለ፤ ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ቦሌ! ቦሌ!" ይላል። የኋላውን ፍሬን ረገጥኩት። ጎማው እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። አባዬ ወገቤን ጨምቀው ያዙኝ።

በስተቀኝ በኩል የግንባታ አሸዋ ተቆልሏል። መሪውን ወደዚያ አዞርኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ፦

"ዝለል!!!"

አዎ። ዝለል።

"ይዝለሉ" አይደለም። "አባዬ" የለበት፣ "እባክዎ" የለበት። በሕይወቴ አንድ ቀን አንተ ብያቸው የማላውቃቸውን አባቴን!

አልዘለሉም። አብረን አሸዋው ውስጥ ገባን።

ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ቆሎ ሻጭ ልጇን እንዳዘለች በእግሯ አልፋን እየሄደች ነው። ለካ ፍጥነታችን የእግረኛ ነበር! ፊት ለፊት ያለው ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ማኪያቶአቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አንዱ ስልኩን አውጥቷል። ረዳቱ እየሮጠ መጣ።

"እህቴ፣ ማን እያሳደዳችሁ ነው?"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባዬ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሮዙን ሄልሜት ቀስ ብለው አወለቁ።

"ዝለል?" አሉ።

"አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ..."

"እኔ ደግሞ 'እናቴ!' ብዬ ስጮህ ሰምተሽኛል?"

"አልሰማሁም።"

"ጥሩ። አልሰማሽም።"

ሊነሱ ሲሉ የኮታቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ሞከሩ። አልቻሉም፤ ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ ነበር። እኒያ ትምህርት ቤት ሙሉ የሚፈራቸው ጣቶች! ቆለፍኩላቸው። እኔም ሁለቴ ስቼ በሦስተኛው ነው ቀዳዳውን ያገኘሁት። ሁለታችንም ቀና ብለን አልተያየንም።

ረዳቱ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ታክሲው ጋቢና ውስጥ አስገባቸው። ሱሪያቸው ላይ የሾክ ዘይት፣ ኪሳቸው ውስጥ አሸዋ። በረራው ላይ ደረሱ፣ ተመስገን!

እኔ ሞተሯን እየገፋሁ ወደ ገርጂ ተመለስኩ። መንገደኛው ሁሉ "ቤንዚን አለቀ እንዴ?" ይለኛል። አዎ፣ አለቀ እላለሁ። ምን ልበል?

ከሰዓት ከመቀሌ ደወሉ። ከኋላ እልልታ ይሰማል።

"እሁድ ስመለስ አንቺ ነሽ የምትቀበይኝ።"

"እሺ አባዬ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ።"

"በሞተርሽ ነው የምልሽ። ፍሬኑን ግን ሌላ ሰው ይሥራው።"

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እኔም አላውቅም።

አሁን ችግሩ እኔ ነኝ። ሞተሯን በመስኮት ነው የማያት፤ ቁልፏን ልነካ ስል እጄን መልሼ እሰበስባለሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ደፍረው፣ እኔ መጋረጃ ጀርባ ተደብቄያለሁ!

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፦ ከእናንተ መሃል እሁድ መኪና ይዞ ቦሌ የሚሄድ፣ ለአባዬም "ልጅዎ አሟት ነው" ብሎ የሚዋሽልኝ ጀግና አለ?