ክቡር ጋሽ በረዶ እና የማቀዝቀዣው ቁልፍ

ዕቃው በደህና ቦታ ተቀምጦ ሳለ እሱ ራሱ መቀመጫ የሚያጣ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በር ቆልፎ ከመንገድ ይመለሳል፤ እጀታውን ይወዘውዛል፤ ተቆልፏል፤ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። የእኛው ጋሽ በረዶ ይባሉ ነበር። ስሙን ያወጡላቸው የላቦራቶሪያችን ወጣቶች ናቸው፤ “ክቡር”ን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እኔ በዚያ ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጥብ ነበር። እንደገባኝ መጠን፣ በሰው አካል ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ለምርምር ሲፈለግ ከሰው አይወሰድም። አሠራሩን የያዘውን ዘረ መል ለባክቴሪያ ይሰጡታል፤ ያ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ጠርሙስ ውስጥ እየተራባ፣ ለራሱ የማይረባውን የሰው ፕሮቲን ሲሠራ ይውላል። ከዚያ ባክቴሪያውን ያፈርሱታል፣ ፕሮቲኑን ያጣሩታል፣ የጣት ጫፍ በምታህል ቱቦ ከፋፍለው ያቀዘቅዙታል። ይሄ ፕሮቲን የሚሉት ደግሞ ሆደ ባሻ ነው። ሞቅ ካለው ይበላሻል፣ ከተናጠ ይበላሻል፣ ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ ያኮርፋል።

ጋሽ በረዶ የተፈጠሩት ለእሱ ነው። ማንም ምንም ይዞ ቢያልፍ “በረዶ ላይ ነው?” ይሉታል። ሻይ ሲያማስሉ ማንኪያቸው ድምፅ አያወጣም። ወንበር ላይ የሚቀመጡት በግማሽ ነው፤ ግማሻቸው ለመነሳት የተዘጋጀ ነው። አንድ ቀን አንዱ ባልደረባችን እየሮጠ ገብቶ “መጣ፣ መጣ!” ቢል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

“በረዶ ላይ ነው?”

“ልጄ ነው ጋሼ። ሚስቴ ወለደች።”

“እሰይ” አሉና ትንሽ አሰቡ። “ብቻ እንዳትንጡት።”

ያን ሰሞን አንዲት ተመራቂ ተማሪ ነበረችን። የሠራችው ፕሮቲን እንደ ተበላሸ ወተት እየረጋ ደጋግሞ ካስለቀሳት በኋላ፣ በመጨረሻ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣላት። የቀራት ዓርብ በሌላ ክፍል ባለው ትልቅ መሣሪያ መለካት ብቻ ነበር። እስከዚያ ቢበላሽ ምረቃዋ ለከርሞ ነው፤ ቤተሰቧ ደግሞ ለከርሞ የሚሆን ትዕግሥት አልቀረውም።

ጋሽ በረዶ ጥበቃ ገቡ። ማንም አላዘዛቸውም። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ያያሉ፣ ይዘጋሉ፤ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ይከፍታሉ። ቅዝቃዜው እንደ ጭስ እግራቸው ላይ ይፈሳል። ሐሙስ ቀትር ላይ ማቀዝቀዣው መጮህ ጀመረ፤ ሙቀት ገብቶብኛል ማለቱ ነው። ጋሽ በረዶ ይህን ሲሰሙ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከፈቱት።

ልጅቷ ሮጣ ደርሳ እጃቸውን ከእጀታው አላቀቀች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“ጋሼ፣ የሚያሞቁት እኮ እርስዎ ነዎት።”

ሰውዬው ክው አሉ። እሷም ቱቦዎቹ አለመቅለጣቸውን በዓይኗ አረጋግጣ ዘጋችው፣ ቆለፈችው፣ ቁልፉንም ወደ እኔ አምጥታ ለማንም እንዳልሰጥ አደራ አለችኝ። “ማንም” ስትል ማንን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ማረፊያ አጡ። ማጠቢያ ክፍሌ ገቡ፣ ወጡ፣ ገቡ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ስለ ወገቤ ጠየቁኝ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ወገብ እንዳለኝም ትዝ ብሏቸው አያውቅ። በመጨረሻ ዓይናቸው ኪሴ ላይ አረፈ።

“እትዬ፣ አንዴ ብቻ። አልነካውም፤ አየት አድርጌ...”

ሆዴ ባባ፤ እጄም ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። የልጅቷ ፊት መጣብኝና ብሩሽ አንስቼ ሰጠኋቸው። እንዲያጥቡ ነገርኳቸው።

አጠቡ፤ ማጠብ ከተባለ። አረፋ ለፕሮቲን ሞት ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ ዓለም በሙሉ ፕሮቲን ነው። ሳሙናው አረፋ እንዳያነሳ ጠርሙሱን አቅፈው በብሩሹ ዳበስ፣ ዳበስ ያደርጉታል እንጂ አይፈትጉትም። ዓርብ ጠዋትም ኮታቸውን ሰቀሉና ብሩሹን አነሱ።

ልጅቷ በረዶ የሞላ ባልዲዋን ይዛ መጣች፣ ቁልፉን ተቀበለችኝ፣ ቱቦዎቿን አውጥታ በረዶው ውስጥ ሰካቻቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ በረዶ ዞር አለች።

“ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ይያዙልኝ።”

እጃቸውን በሸሚዛቸው አደረቁና ባልዲውን ተቀበሉ። ያ መቆም የማያውቅ ሰው እንደዚያ ረግቶ ሲራመድ አይቼ አላውቅም። ሰላምታ ለሰጣቸው ሰው እንኳ አልመለሱም፤ ራስ መነቅነቅ ባልዲውን ያናውጣል ብለው ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ፕሮቲኑ ደህና ነው፤ ልኬቱም እንደ ልቧ ወጥቶላታል። ጋሽ በረዶ ከኋላዋ ቆመው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

“ሌላ የሚታጠብ አለ?” አሉኝ።

“የለም። እጅዎ ይባረክ፤ ሁሉም ንጹሕ ነው።”

ኮታቸውን ለብሰው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ሄዱ። ኮሪደሩን እስኪጨርሱ ጠበቅኩና እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ያጠቧቸውን ጠርሙሶች በሙሉ አረፋ በአረፋ አድርጌ እንደገና አጠብኳቸው፤ አንዱም አልጸዳም ነበር። በሩን ዘግቼ ነው ታዲያ። ድንገት ተመልሰው ቢያዩኝ ልባቸው ይሰበራል።