በዳዊት ማኅደር የተጓዘው ፎቶ

ፎቶ ለውድድር የሚያስገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ስለ ጥቁርና ነጭ ማውራት ከጀመረ ምሳችሁ እስኪቀዘቅዝ አያቆምም። በኢሕአዴግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ሰው እኔ ራሴ ነበርኩ። «ጥቁሩ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል» እያልኩ አንዱን ፎቶ ሰባት ጊዜ አሳትሜ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷን ባለቤት አስመርሬያለሁ።

ፎቶው ላይ ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት አባ ክንፈ ናቸው። ሳላሳያቸው እንዳላስገባው ቃል ስለገባሁላቸው ይዤላቸው ሄድኩ። ገና አይተው ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ። ማስረከቢያው ደግሞ የዚያኑ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

«አባ፣ እንዴት ልመለስ? የፕሪንተር ቀለም እኮ ውሃ ከነካው ይለቃል» አልኳቸው።

አባ ዳዊታቸውን ከቆዳ ማኅደሩ አወጡና ፎቶውን ጠቅልለው በቦታው ከተቱት።

«ዳዊትዎስ?»

«እሱ እዚሁ ዋሻው ውስጥ እኔ ዘንድ ይቆያል። ደግሞ ስንት ክረምት ያሳለፈ ነው፤ ያንተው ገና ጨቅላ ነው። በል ሂድ!»

የኖኅ ዝናብ ከዚያ ይብሳል ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን አላምንም። ፎቶው ደርቆ ደረሰ። ዳኞቹ ፊት እየተጠቀለለ ቢያስቸግርም ሦስተኛ ወጣሁ። ተወዳዳሪዎቹ ስንት ነበሩ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ማኅደሩን ልመልስ፣ ፎቶውንም ልሰጣቸው ሄድኩ። አባ አተኩረው አዩት።

«ይህን ያህል ጠቁሬያለሁ እንዴ?»

«ያሸለመኝ እሱ ነው፣ አባ።»

«እንኳንም ጠቆርኩ!» ብለው ሳቁ።

አመሰግናለሁ ማለቱ አነሰብኝና ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።